ደሴ ላይ በርበሬ ይበቅላል፣ ዓሳው ካገዘው

«ደሴ ላይ በርበሬ አይሆንም» ሲባል ስንት ጊዜ ሰማሁ መሰላችሁ። ግማሹ እውነት ነው። በርበሬ የደሴን ቀን ይችለዋል፣ የሚያቅተው ሌሊቱ ነው። ፀሐይ ከጦሳ ተራራ ጀርባ ስትገባ ብርዱ እንዴት ዱብ እንደሚል ታውቁታላችሁ። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል። በርበሬ ደግሞ ከ15 ዲግሪ በታች ሲሆን ማደጉን ያቆማል፣ ከ12 ወይም 13 በታች ሲሆን ያወጣውን አበባ ሳይቀር ያረግፋል። ኮምቦልቻ ያላችሁ ይህ ብዙም አይመለከታችሁም። በሐረጎ ቁልቁለት 25 ኪሎ ሜትር ወርዳችሁ ከፍታው 600 ሜትር ያህል ይቀንሳል፣ ሙቀቱም በ4 ዲግሪ ገደማ ይጨምራል። ለበርበሬ 4 ዲግሪ ብዙ ነው።

ለእኔ ነገሩ የተገለጠልኝ በአጋጣሚ ነው። ቤቴ ውስጥ የውሃ ተክል ያለበት የዓሳ ገንዳ ነበረኝ። አንድ ጥር ላይ በርበሬ ዘርቼ መስኮቱ ስለሞላብኝ ግማሹን ኩባያ እዚያው መስኮት ላይ፣ ግማሹን የገንዳው ክዳን ላይ አስቀመጥኩ። ክዳኑ ላይ ያለው በ9ኛው ቀን አንገቱን አወጣ። የመስኮቱ 3 ሳምንት አልፎትም ዝም ብሎ ነበር። አፈሩ አንድ፣ ዘሩ አንድ። ልዩነቱ ከሥር የሚመጣው ሙቀት ብቻ ነው።

ከዚያ ወዲህ ሁለቱን ለያይቼ አላውቅም። የሞቀ ውሃ የሞላው ገንዳ ቀስ ብሎ ስለሚበርድ ሌሊቱን ሙሉ አጠገቡ ላለው ተክል ሙቀት ይሰጣል። በየሳምንቱ ከገንዳው የሚቀዳው ውሃ ደግሞ ለበርበሬው ምግብ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ገንዳውን እናቁም፣ በርበሬው ይከተላል።

ገንዳውን ማቆም

ለጀማሪ 60 ሴንቲ ሜትር ርዝመት፣ 30 ወርድ፣ 36 ከፍታ ያለው ጥሩ ነው። 65 ሊትር ያህል ይይዛል። መስታወት ቤት ሄዳችሁ አስቆርጣችሁ በሲሊኮን ማስጣበቅ ትችላላችሁ፣ 6 ሚሊ ሜትር ውፍረት ይበቃዋል። ሲሊኮኑን ስትገዙ ግን ጠይቁ። የሻጋታ መከላከያ የተጨመረበት፣ ለመታጠቢያ ቤት የሚሸጠው ዓሳ ይገድላል። ከተጣበቀ በኋላ ሽታው እስኪጠፋ ቢያንስ አንድ ሳምንት ይቆይ፣ ከዚያ ውሃ ሞልታችሁ ግቢ ውስጥ ሁለት ቀን ፈትሹት።

ከነአሸዋው ከነመስታወቱ 80 ኪሎ ይጠጋል። የቴሌቪዥን ጠረጴዛ ላይ አታስቀምጡት። ጠንካራ፣ የማይወላገድ ጠረጴዛ ይሁን፣ ከሥሩም ከጀርባውም ፎም አድርጉበት። ከሥር ያለው ለመስታወቱ፣ ከጀርባ ያለው ለብርዱ ነው። ቦታው መስኮት ካለበት ግድግዳ ጎን ይሁን። በቀጥታ ፀሐይ የሚመታው ገንዳ በሁለት ሳምንት ውስጥ አረንጓዴ ሾርባ ይሆናል። መስኮቱን ለበርበሬው ልቀቁለት።

ከታች ማዳበሪያ ያልነካው፣ በወንፊት የተነፋ የጓሮ አፈር 2 ወይም 3 ሴንቲ ሜትር ያህል አንጥፉ። በላዩ 3 ሴንቲ ሜትር አሸዋ ድፉበት። የወንዝ አሸዋ ከሆነ ሳፋ ውስጥ ውሃው እስኪጠራ እጠቡት፣ እኔ እስከ 15 ጊዜ አጥቤ አውቃለሁ። አንድ ጭብጥ ላይ ሎሚ ጨምቁበትና እዩ፤ አረፋ ካወጣ ውስጡ የኖራ ድንጋይ አለው፣ ሌላ ፈልጉ። ውሃ ስትሞሉ አሸዋው ላይ ሳህን አስቀምጡና ሳህኑ ላይ ቀስ ብላችሁ አፍስሱ። በቀጥታ ከፈሰሰ አፈሩ ይነሳና ጭቃ ይሆንባችኋል።

የቧንቧ ውሃ ክሎሪን ስላለው በባልዲ ቀድታችሁ ክፍት አድርጋችሁ 24 ሰዓት ይቆይ። ውሃ በፈረቃ የሚመጣላችሁ፣ ሮቶ ውስጥ ቀናት ያደረ ውሃ ካላችሁ እሱ ራሱ ይሆናል።

ተክል ስትመርጡ ብርድ የሚችለውን ምረጡ። አኑቢያስ፣ ጃቫ ፈርን፣ ጃቫ ሞስ፣ ቫሊስኔሪያ፣ ሆርንዎርት። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ አፈር ውስጥ አይቀበሩም፣ ድንጋይ ወይም እንጨት ላይ በክር ይታሰራሉ፣ ግንዳቸው ከተቀበረ ይበሰብሳል። ሆርንዎርት ሥር እንኳ የለውም፣ ዝም ብሎ ይንሳፈፋል፣ በፍጥነት ስለሚያድግም ለአዲስ ገንዳ ከሁሉ የሚበልጥ እሱ ነው። መብራቱ ተራ ነጭ ኤልኢዲ ይበቃል፣ በቀን ከ6 እስከ 8 ሰዓት። ከዚያ በላይ ካበራችሁት የምትመግቡት ውሃውን አረንጓዴ የሚያደርገውን አልጌ ነው።

አንድ ነገር አደራ እላችኋለሁ። ከወንዝ ወይም ከሐይቅ ዳር ተክል ነቅላችሁ አታምጡ። አብሮት የሚመጣው ቀንድ አውጣ የቢልሃርዚያ ተሸካሚ ሊሆን ይችላል፣ እጃችሁን በየሳምንቱ የምትነክሩበት ውሃ ነው። የገንዳችሁን ተክልና ዓሳም ሐይቅ ወይም ቦርከና ወንዝ ውስጥ አትጣሉ። እምቦጭ ጣና ላይ ምን እንዳደረገ ሁላችንም አይተናል። የተቆረጠ ተክል ሲበዛ የበርበሬው ሥር ላይ ጉዝጓዝ አድርጉት፣ ደርቆ አፈር ይሆናል።

ዓሳው አይቸኩል

የመጀመሪያ ገንዳዬን በሦስተኛው ቀን ዓሳ አስገባሁበት። 8 ነበሩ። ውሃው እንደ ብርጭቆ ጠርቶ ስለነበር ምንም ይጎድለዋል ብዬ አላሰብኩም። በአምስተኛው ቀን ጠዋት መብራቱን ሳበራ ሁሉም ላይ ላይ ተሰብስበው አፋቸውን ከውሃው ጠርዝ አስጠግተው ይተነፍሳሉ፣ ከጭንቅላታቸው ጎን ያለው መተንፈሻቸው ቀልቷል። በሳምንቱ 2 ብቻ ቀሩ። አሁንም ሳስበው ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም መጠበቅ ብቻ ነበር የሚያስፈልገኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የዓሳ ኩስና የተረፈ ምግብ አሞኒያ ይሆናል፣ አሞኒያ መርዝ ነው። አሸዋውና ፊልተሩ (የውሃ ማጣሪያው) ላይ የሚራቡ ባክቴሪያዎች አሞኒያውን ወደ ናይትራይት ይለውጡታል፣ እሱም መርዝ ነው። ሌሎች ባክቴሪያዎች ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ይለውጡታል፣ ናይትሬት ካልበዛ ዓሳውን አይጎዳም፣ ለተክል ደግሞ ምግብ ነው። እነዚህ ባክቴሪያዎች እስኪበዙ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል፣ ውሃው ከቀዘቀዘ ከዚያም በላይ። ስለዚህ ተክሉን ተክላችሁ፣ ሂተሩን (የውሃ ማሞቂያውን) እና ፊልተሩን አብርታችሁ፣ በሁለት ቀን አንዴ ቁንጥር የዓሳ ምግብ እየጣላችሁ አንድ ወር ተኩል ጠብቁ። ከዚያ 3 ወይም 4 ዓሳ ብቻ አስገቡ። ሌላውን ከሁለት ሳምንት በኋላ።

ለደሴ ዘብራ ዳኒዮን እመክራለሁ። 18 ዲግሪ ላይ እንኳ ደህና ነው፣ ተክል አይነካም። ጉፒም ይሆናል፣ እሱ ግን ከ22 በላይ ይወዳል። ጎልድፊሽ ብርድ ይችላል ግን ተክሉን ይበላዋል። ቆሮሶማ እርሱት፣ ገንዳ ሳይሆን ኩሬ ነው የሚፈልገው፣ አሸዋውንም ገልብጦ ተክሉን ይነቅለዋል።

ዓሳውን ከአዲስ አበባ የምታመጡ ከሆነ መንገዱን አስቡት። 400 ኪሎ ሜትር ነው፣ ደብረ ብርሃን ላይ ብርድ፣ ሸዋ ሮቢት ላይ ሙቀት፣ ከዚያ እንደገና ወደ ብርድ። ላስቲኩ ፎም ሳጥን ውስጥ ይግባ። አንድ ሦስተኛው ውሃ፣ ሁለት ሦስተኛው አየር ይሁን፣ ግን ተወጥሮ አይታሰር። ጣርማ በር ላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ስትወጡ የውጪው አየር ግፊት ስለሚቀንስ ላስቲኩ እንደ ፊኛ ይነፋል። ሲገዛ ተወጥሮ የታሰረ እዚያ ሲደርስ ሊፈነዳ ይችላል። ቤት ስትደርሱ ላስቲኩን እንደታሰረ ገንዳው ላይ ለ20 ደቂቃ አንሳፍፉት፣ ከዚያ ከገንዳው ውሃ በትንሽ በትንሹ እየጨመራችሁ አለማምዱት።

ከፍታው ሌላም ነገር ይነካል። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ የአየር ግፊቱ ከባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ያህል ነው፣ ውሃ ውስጥ የሚሟሟው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ያንሳል። መጽሐፍ ላይ «ለ60 ሊትር 15 ዓሳ» የሚል ካያችሁ 10 አድርጉት። በአየር ፓምፕ የሚሠራ የስፖንጅ ፊልተር ግዙ፣ ርካሽ ነው፣ ውሃውንም ያናፍሰዋል። ስፖንጁን ስታጥቡ ከገንዳው በተቀዳ ውሃ ጭመቁት እንጂ ቧንቧ ሥር አይሆንም፣ ክሎሪኑ ባክቴሪያውን ይጨርሰዋል።

ሂተሩ 100 ዋት ይሁን፣ 23 ወይም 24 ዲግሪ ላይ አቁሙት። መክደኛ መስታወት ካደረጋችሁ ሙቀቱ ስለማያመልጥ ብዙውን ጊዜ ጠፍቶ ይቆያል። የሂተሩም የፓምፑም ገመድ ሶኬቱ ጋ ከመድረሱ በፊት ወደ ታች ወርዶ እንዲወጣ አድርጉት፣ ውሃ ገመዱን ተከትሎ ሶኬት እንዳይገባ። እጃችሁን ከመንከራችሁ በፊት ሂተሩን ንቀሉ። ይሄን አትርሱት።

መብራት ሲጠፋ አትደንግጡ፣ አብሽሩ። ይሄን ያህል ውሃ ቶሎ አይበርድም። ገንዳውን ብርድ ልብስ ወይም ጋቢ አልብሱት፣ ዓሳውን አትመግቡ። ከቆየ በየሰዓቱ በኩባያ ውሃ እየቀዳችሁ ከፍ አድርጋችሁ መልሱበት፣ አየር ያገኛል። ሌሊቱ ከባድ ከሆነ ሙቅ ውሃ የሞላ የሃይላንድ ጠርሙስ አጥብቃችሁ ከድናችሁ አንሳፍፉበት።

ከሁሉ በላይ ግን ፍሊት። ያ ክፍል ውስጥ ፍሊት አይነፋ። የአየር ፓምፑ የክፍሉን አየር ስቦ በቀጥታ ውሃው ውስጥ ነው የሚያስገባው። ቡና ሲፈላና እጣን ሲጨስም ከገንዳው ራቅ በሉ፣ አለዚያ መስኮት ክፈቱ።

አሁን ወደ በርበሬው

ዘር ለማግኘት ሩቅ አትሂዱ። ሰኞ ገበያ ከሚሸጠው የማረቆ በርበሬ ጥሩ ዛላ ያለውን፣ በፀሐይ የደረቀና ያልታመሰ፣ ሁለት ሦስት መርጣችሁ ፍሬውን አውጡ። 10 ፍሬ እርጥብ ሶፍት ውስጥ ጠቅልላችሁ ላስቲክ ውስጥ አድርጋችሁ የገንዳው ክዳን ላይ አስቀምጡ። ከ10ሩ 6 ከበቀለ ዘሩ ጥሩ ነው። ሚጥሚጣ ከመደበኛው በርበሬ የበለጠ ሙቀትና ጊዜ ስለሚፈልግ ኮምቦልቻ ላሉት ብተወው ይሻላል። ሮኮቶ የሚባለውን፣ ከአንዲስ ተራሮች የመጣውን፣ ውስጡ ያለው ዘር ጥቁር አበባው ሐምራዊ የሆነውን ካገኛችሁ ግን አታልፉት፣ ብርድ ከሌሎቹ በርበሬዎች ይልቅ ይችላል።

የምዘራው ጥር አጋማሽ ላይ ነው። የእርጎ ኩባያ ሥሩን በስታችሁ፣ በተነፋ አፈርና በደንብ በበሰበሰ ፍግ ሞልታችሁ፣ ፍሬውን ግማሽ ሴንቲ ሜትር ቅበሩት። ከ25 እስከ 30 ዲግሪ የሞቀ አፈር ነው የሚፈልገው፣ የመብራቱና የውሃው ሙቀት ክዳኑ ላይ ወደዚያ ያደርሰዋል። ኩባያዎቹን ትሪ ላይ አስቀምጡ እንጂ በቀጥታ ክዳኑ ላይ አይሁን፣ አፈር ወደ ገንዳው ይንጠባጠባል። አንገቱን ሲያወጣ ወዲያው ወደ መስኮት ይሂድ። ብርሃን ያጣ ችግኝ በሦስት ቀን ውስጥ ቀጥኖ እንደ ክር ይረዝማል። አፈሩ ሁሌ የራሰ ከሆነ ደግሞ ግንዱ ከአፈሩ በላይ ቀጥኖ ይጠቁርና ይወድቃል፣ እሱን የሚያድነው ነገር የለም። ላዩ ሲደርቅ ብቻ አጠጡ።

ከ4 እስከ 6 ቅጠል ሲያወጣ ወደ ትልቅ ዕቃ ይዛወር። እኔ ባለ 20 ሊትር የዘይት ጀሪካን ለሁለት ቆርጬ፣ ሥሩን በስቼ እጠቀማለሁ።

ስለ ውሃው ልንገራችሁ፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ኮምቦልቻ ያለችው አክስቴ አንድ ጊዜ ልትጠይቀን መጥታ ጠዋት ከሮቶ ቀድቼ ሳጠጣ አየችኝ። «ልጄ፣ በዚህ ብርድ አንተን በዚህ ውሃ ቢያጥቡህ ምን ትሆን ነበር?» አለችኝ። እውነቷን ነው። የበርበሬ ሥር ሲቀዘቅዝ ውሃም ምግብም መምጠጥ ያቅተዋል፣ አፈሩ እርጥብ ሆኖ ቅጠሉ ይጠወልጋል፣ ሰው ደግሞ ጠማው ብሎ ይጨምርበታል። የገንዳው ውሃ 24 ዲግሪ ነው። ናይትሬትም አለው።

በሳምንት አንዴ ከገንዳው ሩብ የሚጠጋውን፣ 12 ሊትር ያህል፣ በቱቦ ከአሸዋው ላይ ቆሻሻውን እየሳባችሁ ቅዱ። ለ8 ተክል አንድ አንድ ሊትር ተኩል ይደርሰዋል። ረፋድ ላይ አጠጡት እንጂ ማታ አይሁን። ቅጠሉና ዛላው ላይ ሳይሆን ሥሩ ላይ አፍስሱ፣ የሚበላ ነገር ነው፣ ሲቀጠፍም ይታጠብ። ገንዳው ውስጥ መድኃኒት ወይም ጨው የጨመራችሁ ሳምንት ግን ውሃው ወደ በርበሬው አይሄድም። የምትተኩትም ውሃ ቀዝቃዛ እንዳይሆን የፈላ ጨምራችሁ በእጃችሁ ለብ ሲል ነው የሚገባው።

ሚያዝያ ላይ ቀን ቀን ወደ ውጪ ማውጣት ጀምሩ። መጀመሪያ አንድ ሰዓት፣ ከዚያ ሁለት፣ ከሳምንት በኋላ ቀኑን ሙሉ። የጠዋት ፀሐይ የሚመታው ግድግዳ ሥር ይቀመጥ፣ ግድግዳው የቀኑን ሙቀት ይዞ ያመሻል። ሰኔ ላይ ደሴ ደህና ትሞቃለች፣ አበባው የሚመጣውም ያኔ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ግን ጣራ ጥላ ሥር አስገቡት፣ አንድ የበረዶ ዝናብ የአምስት ወር ልፋት ይጨርሳል።

አበባ ሲያወጣ በየጠዋቱ ጎንበስ ብላችሁ እዩት። ሊረግፍ ያለ አበባ አስቀድሞ ይናገራል። ከቅርንጫፉ ጋር የተያያዘበት ቀጭን አንገት አረንጓዴነቱን ትቶ ቢጫ ይሆናል፣ በጣት ስትነኩት ያለ ምንም ትግል እጃችሁ ላይ ይቀራል። አንድ ሁለት ቢረግፍ ችግር የለውም። ሁሉም ከረገፈ ወይ ሌሊቱ በርዶታል፣ ወይ ናይትሮጅኑ በዝቶበታል። በጣም አረንጓዴ፣ ትልቅ ቅጠል፣ አበባ የሌለው ከሆነ የገንዳውን ውሃ በሁለት ሳምንት አንዴ አድርጉት፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ የእንጨት አመድ አፈሩ ላይ በትኑለት። ቤት ውስጥ ያበበውን ደግሞ ንፋስም ንብም አያገኘውም። እኩለ ቀን ገደማ የጆሮ ጥጥ ይዛችሁ አበባው ውስጥ ቀስ አድርጋችሁ አዙሩት፣ ጥጡ ላይ ቢጫ ዱቄት ካያችሁ ለሚቀጥለው አበባ አድርሱት። እኔ እየዞርኩ ግንዱን በጣቴ ብቻ ነካ ነካ ባደርገውም ይይዛል።

ክሽክሽ (የቅጠል ጭማቂ የሚመጥጥ ጥቃቅን ተባይ) ቢመጣ የቅጠሉን ጀርባ በሳሙና ውሃ ጥረጉት፣ ግን ውጪ አውጥታችሁ። ፀረ ተባይ የተረጨ ተክል ወደ ገንዳው ክፍል አይመለስ። በርበሬ የነካ እጅም ገንዳ ውስጥ አይግባ፣ በሳሙና ታጠቡና ሳሙናው እስኪለቅ በብዙ ውሃ አለቅልቁት።

ከአበባው በኋላ ዛላው ሲሞላ ቃሪያ መቅጠፍ ትችላላችሁ። የመጀመሪያዎቹን ቶሎ ቅጠፉ፣ ተክሉ ሌላ አበባ ያወጣል። ስንግ ለማድረግ የሚበቃ ነው። ቀይ ዛላ የምትፈልጉ ሌላ አንድ ወር ስጡት፣ መስከረምና ጥቅምት ላይ ይቀላል። ያልቀላው ካለ ከነቅርንጫፉ ቆርጣችሁ ሞቅ ባለ ቦታ ስቀሉት፣ መልክ መለወጥ የጀመረው ይጨርሳል።

ብዙ ሰው ኅዳር ላይ ውርጩ ሲመጣ ተክሉን ነቅሎ ይጥለዋል። አትንቀሉት። በርበሬ ውርጭ ካልነካው ለብዙ ዓመት የሚኖር ተክል ነው። ጥቅምት መጨረሻ ላይ ግንዱን አንድ ስንዝር አስቀርታችሁ ቅርንጫፉን ከርክሙት፣ ክሽክሽ እንዳይኖርበት አጥባችሁ ገንዳው ጎን አስገቡት። ቅጠሉን ያራግፋል፣ የሞተ ይመስላል። ግንዱን በጥፍር ጫር አድርጉት፤ ውስጡ አረንጓዴ ከሆነ ሕያው ነው። በሁለት ሳምንት አንዴ ግማሽ ሊትር የገንዳ ውሃ ብቻ ስጡት። የካቲት ላይ በየቅርንጫፉ አንጓ የስንዴ ቅንጣት የምታክል እምቡጥ ትወጣለች፣ ያኔ ወደ መስኮቱ መልሱት።